አንደኛ ማዕረግ ወይስ ቢዝነስ? ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሳ መንገደኛ

ትኬት ላይ «አንደኛ ማዕረግ» ወይም «ቢዝነስ» ተብሎ መጻፉ ስለ ምቾቱ የሚናገረው ትንሽ ነው። በአንድ አየር መንገድ፣ በአንድ መስመር፣ በተመሳሳይ ዋጋ፣ የዛሬው አውሮፕላን ወንበሩ ለጥ ብሎ ተዘርግቶ ሲያስተኛ፣ የነገው ደግሞ ዘንበል ብሎ ይቀርና ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ሲያንሸራትት ያድራል። ልዩነቱ ያለው በውስጥ አቀማመጡ ነው። በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር አለ፣ ወንበሩ ወዴት ዞሯል፣ እግር የት ይገባል፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጣል፤ መታየት ያለበት ይህ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት በውድ ክፍሎች የተደረገው የአቀማመጥ ለውጥ በዋናነት የጠቀመው ብቻውን የሚጓዘውን ሰው ነው። ከእናቱ፣ ከባለቤቱ ወይም ከልጁ ጋር ለሚሄድ ግን አንዳንዱ አዲስ ወንበር ከአሮጌው ይብሳል። በእኛ አካባቢ በውድ ትኬት የሚሄደውን ሰው ሳስብ ደግሞ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ብቸኛ የቢሮ ሰው አይደለም። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው አሜሪካ የሚያስመጧቸው እናት ናቸው፤ ለሕክምና ባንኮክ ወይም ዴልሂ የሚሄዱ አባትና አስታማሚ ልጃቸው ናቸው፤ ለዑምራ የሚነሱ ባልና ሚስት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ መጀመሪያ «ከማን ጋር ነው የምሄደው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የማዕረጉ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቁጥሩን ማንበብ

የወንበር ካርታው 2-2-2 የሚል ከሆነ በግራ መስኮት በኩል ሁለት፣ መሐል ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ወንበር አለ፤ በመካከላቸው ሁለት መተላለፊያ። 2-3-2 ከሆነ መሐል ላይ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ መካከለኛው ሰው በቢዝነስ ዋጋ የኢኮኖሚ ዕጣ ደረሰው ማለት ነው። 1-2-1 ሲሆን ማንም ማንንም ሳይሻገር ይወጣል ይገባል። 1-1-1 በአብዛኛው የምታገኙት በጥቂት አዳዲስ የአንደኛ ማዕረግ ክፍሎች ነው።

የኤርባስ ኤ350 የውስጥ ስፋት 5.61 ሜትር፣ የቦይንግ 787 ደግሞ 5.49 ሜትር ነው። ግድግዳው አይለጠጥም። በረድፉ ስድስት የነበረው ተሳፋሪ አራት ሲሆን ለእያንዳንዱ ብዙ ቦታ የተረፈለት ይመስላል፤ ሻጩም የሚያስተዋውቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አየር መንገድ ወንበር እንዲሁ አይቀንስም። በስፋት የሰጠውን በርዝመት ይወስዳል፦ ረድፎቹን ያቀራርባል፣ ከዚያ የኋለኛው ሰው እግር ከፊተኛው ሰው ጠረጴዛ ሥር በተሠራ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። ትከሻችሁ የሰፋለት፣ እግራችሁ የጠበበበት አልጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የሐረሪ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው የዚህ ሥራ ብልሃት ቶሎ ይገባዋል። አንድ ክፍል ነው፣ ግን በነደባ (ከፍ ብሎ በተሠራ የመቀመጫ መደብ) ተከፋፍሏል፤ አሚር ነደባ የቤቱ ባለቤት መቀመጫ ነው፣ ሱትሪ ነደባ ከገባው እንግዳ ዓይን የተሸሸገ ነው፣ ሌላውም እንደየማዕረጉ ቦታ አለው። ክፍሉ ሳይሰፋ ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው መሸሸጊያ ተገኘለት። የአውሮፕላን ወንበር ነዳፊዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የዘነጉት ነገር ቢኖር ነደባ ላይ የተቀመጠ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል።

ከቦሌ በራሳችን አየር መንገድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አንደኛ ማዕረግ የለውም። ከፍተኛው ክፍል ክላውድ ናይን የሚባለው ቢዝነስ ነው፤ ይህም እንደየአውሮፕላኑ ይለያያል። በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 የገባው 787-8 በ2-2-2 አቀማመጥ 24 የቢዝነስ ወንበር አለው፤ ወንበሩ በደንብ ቢዘረጋም ሙሉ በሙሉ ለጥ አይልም። 787-9 እና እ.ኤ.አ. በ2016 መግባት የጀመረው ኤ350-900 ግን እዚያው 2-2-2 ላይ ሆነው ለጥ የሚል አልጋ ይሰጣሉ። በቦይንግ 777-200 ኤልአር ላይ 2-3-2 ይገጥማችኋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ኤ350-1000 ከ395 ወንበሩ 46ቱን ለቢዝነስ ሰጥቷል፤ የእሱን ካርታ ከሌሎቹ ጋር ሳታምታቱ ለብቻው ተመልከቱ።

ብዙ ገምጋሚዎች 2-2-2ን «ያረጀ» ይሉታል። ለብቸኛ ተጓዥ እውነታቸውን ነው፤ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ሽንት ቤት ለመሄድ የተኛ ጎረቤቱን እግር መሻገር አለበት። እናቱን ይዞ ለሚሄድ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ «እማማ መስኮት ይወዳሉ» ብሎ መስኮት ዳር ያስቀምጣቸዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ሌሊት ሲነሡ ከተዘረጋ አልጋ በላይ ሊሻገሩ ነው። የመሐሉን ጥንድ ያዙ። መሐል ላይ ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸው መተላለፊያ አላቸው፤ እሳቸው በአንዱ በኩል ይነሣሉ፣ እናንተ በሌላው፣ ግን እጅ ለእጅ ትደራረሳላችሁ። ቀበቶ ማሰር፣ ወንበሩን መዘርጋት፣ ምግብ ሲመጣ የትኛው ሥጋ እንደሆነ መንገር፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፤ ይህን ሁሉ ሳትነሡ ታደርጋላችሁ። መስኮቱን ለድሬው አጭር በረራ ያቆዩት።

2-3-2 ለሁለት ሰው የሚመች ከሆነ ከዳር ያሉት ጥንዶች ናቸው፤ ለብቻ ለሚሄድ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ይሻለዋል፤ መሐለኛውን ወንበር ማንም በገንዘቡ አይግዛ። ሦስት ሆኖ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ብቻ ሦስቱ ጥምር ወንበር ጥሩ ነው፣ ልጁ መሐል ይገባል።

በሩ የሚዘጋው ወንበር

እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ቢዝነስ ክፍሉ ውስጥ ለጥ የሚል አልጋ ሲያስገባ የአንደኛ ማዕረግ ትልቁ ምክንያት ተሰረቀ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኳታር አየር መንገዱ ኪውስዊትና የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ አዲስ ወንበር ቢዝነስ ላይ በር ገጠሙ፤ ያኔ አንደኛ ማዕረግ ሌላ መሸሻ መፈለግ ነበረበት። አንዳንዱ ተወው፤ የአሜሪካን አየር መንገድ አንደኛ ማዕረጉን እያነሣ ባለ በር ቢዝነስ እየተካ ነው። ሌላው የወንበሩን ብዛት አሳንሶ ክፍሉን አሰፋው፤ ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ777 ላይ ከነበረው 14 ወደ 8 ወረደ፣ ሲንጋፖር አየር መንገድ በኤ380 ላይ ከ12 ወደ 6።

በሩን በተመለከተ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነገር ነው። ቢዝነስ ላይ ያለው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከቆመ ሰው ደረት ብዙም አያልፍም፤ የበረራ አስተናጋጅ ቆማ ከላይ ታያችኋለች፣ ማየትም አለባት። ሲነሣና ሲያርፍ በሩ ተከፍቶ መቆለፍ ግዴታ ነው። ድምፅ አይከለክልም፤ የሕፃን ልቅሶ እንደሆነ ይገባል። የሚከለክለው በመተላለፊያው የሚያልፈውን ሰው ዓይን ነው። ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት፣ ሻሿን አውልቃ መተኛት ለምትፈልግ፣ ጡት ለምታጠባ እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔ ለእነሱ ከአልጋው ስፋት በፊት በሩን አስቀድማለሁ።

ለአረጋውያን ግን ተጠንቀቁ። ከሐረር ከልጃቸው ጋር የሄዱ አንዲት የማውቃቸው እናት ባለ በር ወንበር ላይ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው ከመተላለፊያው ማዶ። ሌሊት ነቅተው በሩን ቢገፉት ወደ ፊት፣ ቢስቡት ወደ ኋላ አልሄድ አላቸው፤ የሚከፍተው በክንድ ማሳረፊያው ሥር ያለች ትንሽ መያዣ ነበረች። የጥሪ ቁልፉ ደግሞ በእንግሊዝኛና በሥዕል ብቻ በሆነ ስክሪን ውስጥ ነው። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየደበደቡ «አቦ፣ ሰው የለም ወይ!» ሲሉ ነው የተሰሙት። የተከፈለበት ገንዘብ ከልጃቸው ጎን ሊቀመጡበት ይችሉ ከነበረው ተራ ወንበር ዋጋ ሁለት እጥፍ ነበር ይላሉ፣ እስካሁን ሲያነሱት ይናደዳሉ። እንዲህ ያለ ወንበር ከያዛችሁላቸው ገና ከመነሣቱ በፊት አስተናጋጇ በሩን ክፍት አድርጋ እንድትተወው ንገሯት፤ ይቻላል።

ትክክለኛው አንደኛ ማዕረግ

ወደ ቦሌ ከሚመጡት ኤምሬትስ፣ ሉፍታንዛና ሳውዲያ በአንዳንድ አውሮፕላኖቻቸው ላይ አንደኛ ማዕረግ አላቸው። «በአንዳንድ» የሚለውን አስምሩበት። ከአዲስ አበባ የሚነሣው በረራ ላይ ባይኖርም ከዱባይ ወይም ከፍራንክፈርት በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ ላይ ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም ገንዘቡ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ አልጋው እስኪነጠፍ መውረጃው ይደርሳል።

ኤምሬትስ በ777 ላይ ሁለት ዓይነት አንደኛ ማዕረግ አለው። ቀደም ያለው 8 ስዊት (ግድግዳና በር ያለው የግል ክፍል) በ1-2-1 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው 6 ስዊት በ1-1-1 ሲሆን ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። መሐል ላይ ለሚቀመጠው ሰው መስኮት ስለሌለው ውጭውን በካሜራ የሚያሳይ ሰው ሠራሽ መስኮት ተደርጎለታል። አዲሱ ያለ ጥርጥር የተሻለ ክፍል ነው፣ ለአንድ ሰው። ለባልና ሚስት ግን እያንዳንዱ በየክፍሉ ተዘግቶ በመተላለፊያ ተለያይቶ ነው የሚሄደው። በአሮጌው 1-2-1 የመሐል ጥንድ ላይ መካከላቸው ያለው መከለያ ዝቅ ስለሚል ጎን ለጎን ይጫወታሉ። ስለዚህ ጥንዶች ከሆናችሁና ሁለቱም ምርጫ ካላችሁ፣ የቆየውን ብትይዙ አያስቆጭም። ገላ መታጠቢያ የሚባለው ነገር ያለው በኤ380 ላይ ብቻ ነው፣ የሚሰጠውም የአምስት ደቂቃ ውኃ ነው። በድሬ ሙቀት ላደገ ሰው አምስት ደቂቃ በቂ ነው አይደለም የሚለውን ለራሳችሁ ትቻለሁ።

ሉፍታንዛ ይህን የጥንዶች ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። አሌግሪስ ባለው አዲስ አሠራሩ አንደኛ ማዕረጉ በረድፉ ሦስት ክፍል ሆኖ፣ የመሐሉ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። ሲንጋፖር በኤ380 ላይ ከፊትና ከኋላ ያሉ ሁለት ስዊቶች መካከል ያለው ግድግዳ ወርዶ አልጋቸው እንዲገጥም አድርጓል። ኪውስዊት ደግሞ ቢዝነስ ሆኖ ሳለ መሐል ያሉ ሁለት ወንበሮች ባለ ሁለት ሰው አልጋ ይሆናሉ፤ አራቱ ተገጣጥመው ቤተሰብ ፊት ለፊት እየተያየ ይበላል። አራት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ከማንኛውም አንደኛ ማዕረግ በፊት እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። ኳታርም ቢሆን ግን በሁሉም አውሮፕላኑ ላይ አልገጠመውም።

እግርና ግድግዳ

ወደ እግር ማስገቢያው ቀዳዳ እንመለስ፣ ምክንያቱም ሰው ገዝቶ ከገባ በኋላ የሚያማርረው በእሱ ነው። በ1-2-1 ቢዝነስ ውስጥ ወንበሩ ወደ መስኮት ዘንበል ብሎ ከዞረ፣ እግር የሚገባበት ቦታ ጠባብ ቢሆንም ፊታችሁ ከመተላለፊያው ዞሯል፤ ለብቻ ለሚተኛ ይህ ጥሩ ነው። ወንበሮቹ እየተፈራረቁ የተቀመጡበት ዓይነት ላይ ደግሞ በአንዱ ረድፍ ወንበሩ መስኮት ዳር ይሆንና ጠረጴዛው መተላለፊያ በኩል ይከልለዋል፤ በቀጣዩ ረድፍ ይገለበጥና ክንዳችሁ ምግብ የሚገፋበት ጋሪ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም በካርታው ላይ «መስኮት» ተብለው ይሸጣሉ። ካርታውን አጉልታችሁ የወንበሩ ሥዕል ከግድግዳው ጋር የተጣበቀበትን ረድፍ ምረጡ።

እግር የሚያብጥበት፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ወይም ቁመቱ የረዘመ ሰው የክፍሉን የመጀመሪያ ረድፍ ይያዝ። ከፊቱ ሰው ስለሌለ የእግር ማስገቢያው በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ከሌላው ሰፋ ይላል። ጉዳቱ ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ ቅርብ መሆናቸው ነው፦ የመጋረጃው ብርሃን፣ የብረት ሣጥን መጋጨት፣ የአስተናጋጆች ወሬ። የሕፃን አልጋም የሚሰቀለው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው የክፍሉን መካከል ይምረጥ፤ እግሩ የሚያመው ጫጫታውን ይቻለው።

ወንበሩ የማይሰጠው ምቾት

ይህ ከማዕረግ ጋር አይገናኝም፣ ግን ከማዕረጉ በላይ ይሰማል። በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,400 ሜትር ከሚደርስ ቦታ ጋር ይመሳሰላል፤ በ787 እና በኤ350 ግን ከ1,800 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረር ሰው ድሪምላይነር (787) ውስጥ አሥር ሰዓት ቢቀመጥ ለሳንባው ጀጎል ውስጥ እንደዋለ ነው። ከድሬ የሚነሣው ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ የለመደ ስለሆነ ልዩነቱን ይበልጥ ያውቀዋል፤ ራስ ምታት ቶሎ ሊይዘው ይችላል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው አዛውንት ከያዛችሁ፣ በ777 ላይ ካለ የተሻለ ወንበር ይልቅ በኤ350 ላይ ያለ መካከለኛ ወንበር እመርጥላቸዋለሁ፤ ሐኪማቸውንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

የድሬው ክፍል

ከድሬዳዋ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው400 ነው፤ ኢኮኖሚው 2-2 ስለሆነ መሐል የሚቀመጥ ሰው የለም። ለዚህች ሰዓት ብቻ ተብሎ ለከፍተኛ ክፍል የሚጨመር ገንዘብ አልመክርም። ከፕሮፔለሩ ራቅ ያለ ረድፍ ከያዛችሁ ጩኸቱ ይቀንሳል። ክንፉ ከላይ ስለሆነም ከአብዛኞቹ መስኮቶች መሬቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ እማማ መስኮት ይወዳሉ ካላችሁ ቦታው እዚህ ነው። የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ ነው፣ ትልልቅ የእጅ ሻንጣ አይገባም።

ይልቅ ገንዘቡ የሚጠቅመው ትኬቱን አንድ ላይ በመግዛት ነው። ከድሬ እስከ መጨረሻው በአንድ ትኬት በቢዝነስ ከተያዘ ሻንጣው በቀጥታ ያልፋል፣ የኪሎው ልክም በቢዝነሱ ይታሰባል። አንደኛ ማዕረግ ፍለጋ ሌላ አየር መንገድ በተለየ ትኬት ከያዛችሁ ግን ቦሌ ላይ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና ማስመዝገብ አለባችሁ፤ የድሬው በረራ ቢዘገይ የሚጠብቃችሁ የለም። ከሐረር የሚነሣ ሰው የደንገጎን ቁልቁለት ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተተ የሚወርድበትን ሰዓት ይጨምርበት። የአውሮፓና የአሜሪካ በረራዎች አብዛኛዎቹ ከቦሌ የሚነሡት ሌሊት ስለሆነ የቀትር በኋላውን ሳይሆን ቀደም ያለውን የድሬ በረራ ይዞ አዲስ አበባ ላይ ማረፍ ለአዛውንት ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ትኬት ቢሮ ስትሄዱ «ቢዝነስ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «አውሮፕላኑ ምንድን ነው?» በሉ። ማያ ገጹ ላይ 788 ካለ 787-8፣ 789 ካለ 787-9፣ 359 ካለ ኤ350-900፣ 351 ካለ ኤ350-1000 ነው። በአንድ ቀን ልዩነት 788 ወደ 359 የሚቀየር ከሆነ ቀኑን አዛውሩ፤ ለሌሊት በረራ ያ ልዩነት ከማንኛውም ማዕረግ ለውጥ ይበልጣል። የወንበር ቁጥሩንም እዚያው ቆማችሁ አስመርጡ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልጋቸው ካሉም አብራችሁ አስመዝግቡ።

አየር መንገዶች በመጨረሻ ሰዓት አውሮፕላን ይቀይራሉ። ሲቀየር ኮምፒውተሩ ተሳፋሪውን በአዲሱ ካርታ ላይ በራሱ ይደለድላል፣ ያኔ መሐል ጎን ለጎን የነበሩት እናትና ልጅ አንዱ ረድፍ ሁለት፣ ሌላው ረድፍ ሰባት ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ከመነሻው ሁለት ቀን አስቀድሞ አንዴ፣ ጠዋቱ ላይ ደግሞ አንዴ ካርታውን ክፈቱ። ተለያይታችሁ ካገኛችሁት በስልክ ወይም ድሬ ላይ መመዝገቢያው ጋ አስተካክሉ፤ ቦሌ የመሳፈሪያ በር ላይ ሲደርስ የሚለዋወጥ ወንበር የሚቀረው ጥቂት ነው።